ሽልማቱ ሲያልቅ ማን ይቀራል?



በዚህ ሴሚስተር የመጽሔት ክፍላችን በተሰበሰበ ቁጥር አንድ ጥያቄ ከአጀንዳው ወርዶ አያውቅም። አንባቢያችንን እንዴት እናብዛ? ጽሑፍ የሚልኩልን አሉ። አርታኢም ጽሑፍ መተየብ የሚችልም አለን። ግሽ አባይ ክፍለ ከተማ ውስጥ ካለች ፎቶ ኮፒ ቤት አባዝተን በየካምፓሱ የምናደርስ ልጆችም አሉን፣ አልሐምዱሊላህ። ግን ፔዳ ያለው ተማሪ ሲያነባት ፖሊ ያለው መኖሯን አያውቅም። ዘንዘልማ ያሉ ወንድሞችና እህቶች ደግሞ ከዐባይ ድልድይ ማዶ ስለሆኑ ወሬዋን ብቻ ይሰማሉ። በየዓመቱ የሚመጡት አዳዲስ ተማሪዎች የመጀመሪያውን ወር ከማንም ጋር ሳይተዋወቁ የሚያሳልፉት ስንቱ ናቸው! መጽሔቷ ደግሞ ከሁሉም በላይ ለእነርሱ ነበር የተጀመረችው።

ጉዳዩ በአንድ ስብሰባ አላለቀም። የምናወጣው ገንዘብ ከጀመዓው መዋጮ የሚመጣ፣ የምንጠራበትም ስም የጀመዓው ስም ስለሆነ፣ የተወያየነውንና የደረስንበትን ለእናንተ ማካፈል ተገቢ መስሎ ታየን። በየዲፓርትመንቱ ክበብ የምትሠሩ፣ የቁርኣን ሐለቃ የምታስተባብሩ፣ ለሰደቃና ለኢፍጣር ሰው የምትሰበስቡ ሁሉ ይኸው ጥያቄ ነገ እናንተንም ማግኘቱ አይቀርም።

ውይይቱ የተጀመረው አንድ ወንድማችን ባቀረበው ሐሳብ ነው። ሐሳቡ አጭርና ግልጽ ነበር። አንድ ፓወር ባንክ፣ ጥቂት የሞባይል ካርድና አንድ መልካም ሙስሐፍ እንግዛ። አንባቢ ሆኖ የተመዘገበ ሁሉ አንድ ዕጣ ያገኛል። 10 ጓደኛ ያስመዘገበ ሌላ ዕጣ ይጨመርለታል። በወሩ መጨረሻ ዕጣ እናወጣለን።

ለእኛ ትውልድ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በዕጣና በስጦታ መሀል ነው ያደግነው። ልጆች ሳለን የለስላሳ ቆርኪ ገልብጠን ሥሩ የተጻፈ ነገር እንዳለ እናይ ነበር። ባንኮች ቆጣቢን በመኪና ዕጣ ይጠራሉ። ቴሌግራም ላይ «ለ10 ሰው ያጋራ ካርድ ይሸለማል» የሚል መልእክት ሳይደርሰው የዋለ ተማሪ ያለ አይመስለንም። ዘዴው ይሠራል ብሎ ማመን የሚያስገርም አይደለም፤ ቁጥሩ ሲያድግ በዓይናችን እናያለን።

ወንድማችን ግን በዚህ ብቻ አላበቃም። ያመጣው ማስረጃ ሁላችንንም ዝም አሰኘን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ ከሑነይን ዘመቻ በኋላ ጂዕራና ላይ ምርኮውን ሲያከፋፍሉ ለአዲሶቹ ሙስሊሞችና ልባቸው ገና ላልረጋ የቁረይሽ አለቆች መቶ መቶ ግመል መስጠታቸውን አስታወሰን። ሰፍዋን ኢብኑ ኡመያ ያኔ ከሰው ሁሉ የሚጠላቸው እርሳቸውን ነበር። ሲሰጡት፣ ደግመው ሲሰጡት ቆይተው በመጨረሻ ከሰው ሁሉ የሚወዳቸው እርሳቸውን ሆነ፤ ይህን ራሱ መናገሩን ሙስሊም በሰሒሕ ዘግበውታል። ዘካ ከሚገባቸው ስምንት ክፍሎች አንዱም ልባቸው የሚለማመድ ሰዎች መሆናቸው በሱረቱ ተውባ 60ኛው አንቀጽ የታወቀ ነው። «ታዲያ» አለ ወንድማችን፣ «በስጦታ ልብ መሳብ ሱና ውስጥ ካለ፣ እኛ በአንድ ፓወር ባንክ የምንሽኮረመመው ለምንድን ነው? የምንጽፈውን ማንም ካላነበበው ለማን ነው የምንጽፈው?»

የሚናቅ ክርክር አልነበረም፤ ማናችንም ለመመለስ አልቸኮልንም። ጥቂት ቆይታ አንዲት እህታችን መለሰች፤ የመለሰችውም ከዚያው ታሪክ ነው። «ወንድሜ፣ ታሪኩን እስከ መጨረሻው እንየው» አለች። ያን ቀን ግመልና በግ ሲከፋፈል አንሷሮች ምንም አልደረሳቸውም ነበር። ከእነርሱ የተወሰኑት ቅር ተሰኙ። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ሰበሰቧቸውና ሌላው ሰው በግና ግመል ይዞ ወደ ቤቱ ሲመለስ እነርሱ የአላህን መልእክተኛ ይዘው መመለሳቸውን አስታወሷቸው። ጢማቸው እስኪርስ አለቀሱ። «መዲና ቀድሞውኑ በእነርሱ ቆማ ነበር። ግመል ያልተሰጣቸው እነርሱ ናቸው፤ ይዘዋቸው የሄዱትም እነርሱ» አለች። ቀጥላም «እኛ አንሷር ሳይኖረን ግመል ማከፋፈል ብንጀምር፣ ግመሉ ሲያልቅ ማን ይቀራል?» ስትል ጠየቀች።

የዚህ ጽሑፍ ርዕስ ከእርሷ ጥያቄ የተወሰደ ነው።

ከዚያ በኋላ ነገሩን በሦስት ከፍለን ማየት ጀመርን፦ በመጀመሪያ የሐላልና የሐራሙ፣ ቀጥሎ የጥቅሙ፣ በመጨረሻ ደግሞ መመዝገብን ለተማሪው የማቅለሉ ጉዳይ።

የመጀመሪያውን ወደ ኡስታዛችን ወሰድነው። «ኡስታዝ፣ ዕጣ ማውጣት ይፈቀዳል ወይ?» ስንላቸው ዕጣ ራሱ ችግር እንደሌለበት ነገሩን። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለጉዞ ሲወጡ በባለቤቶቻቸው መካከል ዕጣ ያወጡ እንደነበር በሐዲስ ተዘግቧል። ችግሩ ያለው ሰው ከኪሱ አውጥቶ፣ ወይ ብዙ አገኛለሁ ወይ የከፈልኩትን አጣለሁ ብሎ ሲገባበት ነው። ያ መይሲር፣ በእኛ ቋንቋ ቁማር ነው። በሱረቱል ማኢዳ 90ኛው አንቀጽ ከአስካሪ መጠጥ ጋር ተቆጥሮ ተከልክሏል። ቀጣዩ አንቀጽ ምክንያቱን ይነግረናል፤ በመካከላችን ጠብና ጥላቻ ይዘራል፣ አላህን ከማውሳትና ከሶላት ያዘናጋል። የዓለም አቀፉ የፊቅህ አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2003 ዶሓ ላይ ባደረገው ጉባኤ ስለ ውድድሮች ሲወስን፣ ሽልማቱ ተወዳዳሪዎቹ ከሚከፍሉት ገንዘብ የተሰበሰበ ከሆነ እንደማይፈቀድ አስቀምጧል።

እንግዲህ መስመሩ ከእኛ ኑሮ ጋር ሲገናኝ ይህን ይመስላል። በአጭር ቁጥር መልእክት ላክ ተብሎ ከሒሳቡ ላይ ብር የሚቆረጥበት ዕጣ፣ ብሩ ጥቂት ስለሆነ ብቻ ስሙ አይለወጥም። ካርድ ለመሸለም ብለን ከአንባቢው 5 ብር ብንሰበስብና ከዚያው ላይ ብንሸልም ያው ነው። ሦስተኛ ወገን ከራሱ ኪስ የሚሰጠው፣ ተቀባዩ ምንም ያልከፈለበት ነገር ግን ስጦታ ነው፤ ስጦታ ደግሞ የተወደደ ነው። ስጦታ መለዋወጥ መዋደድን እንደሚያመጣ ነቢያችን ማስተማራቸውን ኢማም አል-ቡኻሪ «አል-አደቡል ሙፍረድ» ላይ ዘግበውታል። ዝርዝሩ ከዚህ የሰፋ ነው። ሽልማት ልታዘጋጁ ያሰባችሁ ሁሉ አስቀድማችሁ ዐዋቂ ጠይቁ።

ኡስታዝ ግን ሳንጠይቃቸው አንድ ነገር ጨመሩ። «ገንዘቡ የማን ነው?» አሉ። የሑነይኑ ምርኮ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የማከፋፈል ሥልጣን የነበራቸው ገንዘብ ነበር። የእኛ ግን ተማሪው ከቤተሰብ ከተላከለት ላይ ቀንሶ ያዋጣው ነው። ከፊሉ የታመመ ተማሪ ማሳከሚያ፣ ከፊሉም ለእረፍት ወደ ቤቱ መሄጃ ያጣ ልጅ መሳፈሪያ የሚሆን ነው። «አንድ ሰው በዕጣ ፓወር ባንክ ቢያገኝ አዋጪው ሁሉ ደስ ይለዋል ወይ? ይህን ሳትጠይቁ እንዳትነኩት» አሉን። ከዚህ በኋላ የፓወር ባንኩ ነገር ከመዋጮው እንደማይወጣ ተስማማን። ሐሳቡን ያቀረበው ወንድማችንም ለዚህ ሁለተኛ ሰው አላስፈለገውም።

ሁለተኛው የጥቅሙ ጉዳይ ነው። ሌሎች አንባቢ ያገኙት እንዴት ነው ብለን ወደ ኋላ ስናይ ያገኘነው ከጠበቅነው የተለየ ነው።

በሀገራችን የመጀመሪያው የአማርኛ ጋዜጣ የሚባለው «አእምሮ» ነው። በ1890ዎቹ ዓ.ም. በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ አንድርያስ ካቫዲያስ በሚባል ግሪካዊ አማካይነት ተጀመረ። መጀመሪያ በእጅ እየተጻፈ 24 ቅጂ ብቻ ነበር የሚሰራጨው። በአንድ ካምፓስ ለአንድ ዶርም ሕንፃ የማይበቃ ቁጥር ነው። ግን የአማርኛ ጋዜጣ የሚባል ነገር ከዚያ ተነሣ፤ በ1917 ዓ.ም. «ብርሃንና ሰላም» መጣ፣ በ1933 ዓ.ም. «አዲስ ዘመን» ተከተለ። ከመንግሥት ጋዜጦች መካከል «አል-ዓለም» በዐረብኛ ይታተም እንደነበር ብዙዎቻችን አናውቅም። ከ1985 ዓ.ም. የፕሬስ አዋጅ ወዲህ ደግሞ «ቢላል»ን የመሰሉ የሙስሊም መጽሔቶች በአማርኛ መውጣት ጀመሩ። እናቶቻችንና አባቶቻችን በእኛ ዕድሜ ሳሉ አንድ ቅጂ ለስንት ቤት እንደሚዞር የሚያወሩልን የእነዚህን ነው።

ከውጭው ዓለም ደግሞ አንድ ታሪክ አገኘን። ሸኽ ረሺድ ሪዳ እ.ኤ.አ. በ1898 ካይሮ ላይ «አል-መናር»ን ሲጀምሩ 1,500 ቅጂ አሳተሙ። ከዚያም ያነብባሉ ብለው ለገመቷቸው ሰዎች በግብፅና በሻም ላኩላቸው። በእኛ ቋንቋ የመጀመሪያውን ቁጥር በነፃ አደሉ ማለት ነው። ግብፅ ውስጥ ከተላከው ብዙው ተመልሶ መጣ። ወደ ሻም የሚሄደውን የዑስማኒያ መንግሥት አገደው። የኅትመቱን ቁጥር ቀነሱት። ለዓመታት የተመዝጋቢው ብዛት ከጥቂት መቶዎች አላለፈም። እሳቸው ግን መጻፉን አላቆሙም። ዓመታት ካለፉ በኋላ ከመጀመሪያው ዓመት የተረፉት ቅጂዎች ከመጀመሪያ ዋጋቸው በብዙ እጥፍ የሚፈለጉ ሆኑ። በሐሳባቸው የሚስማማም የማይስማማም እንዳለ እናውቃለን፤ እዚህ የምንማረው የአንባቢን ነገር ነው። ያልጠየቀውን ነገር በነፃ የተላከለት ሰው መለሰው፤ ፈልጎ የመጣው ግን የጥንቱንም ሳይቀር ጨምሮ ገዛው።

ከሁለቱም የምንወስደው አንድ ነገር ነው። ነፃ መሆኑ ብቻውን አንባቢ አያመጣም። ቁጥሩ ትንሽ መሆኑም ብቻውን ሥራውን አይገድለውም። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይባል የለ! ጥቂትም ቢሆን የሚዘወተር ሥራ አላህ ዘንድ ይበልጥ የተወደደ መሆኑን ነቢያችን አስተምረውናል። እንደ እኛ ያለችን መጽሔት ደግሞ ከአንባቢ ማነስ ይልቅ የሚጎዳት በየወሩ አለመውጣቷ ነው። አንዱ ወር ወጥታ ሦስት ወር የጠፋች መጽሔት በፓወር ባንክ አትመለስም።

ታዲያ ስጦታ ምንም አይጠቅምም ማለት ነው? አይደለም። የእኛው አባቶች በኪታብ ጉዳይ የተዉልን ሌላ ዓይነት ስጦታ አለ፤ ወቅፍ። በሐረርም በወሎም የቆዩ የእጅ ጽሑፎችን ያየ ሰው ገጹ ላይ ወቅፍ መሆኑን የሚገልጽ ማስታወሻ ያገኛል። ለአላህ ብሎ የተሰጠ ነው፤ አይሸጥም፣ አይወረስም፣ ለሚያነብ ብቻ ይቀመጣል። በወሎ ዳና፣ ጌታ፣ ጀማ ንጉሥ የሚባሉት የዕውቀት ማዕከሎች ስማቸው የገነነው ደረሳው እዚያ እየሄደ፣ ኪታብ እየተዋሰና እየገለበጠ ስለተማረ ነው። ማንበብ የማይችለው ደግሞ መንዙማውን ሰምቶ በቃሉ ይይዘው ነበር። እዚያ የሚሰጠው የሚነበበው ራሱ ነው። ኪታብ ያገኘ ደረሳ ሌላ ሽልማት አይጠብቅም፤ ካነበበው በኋላም ለሚቀጥለው ደረሳ ይተወዋል።

ከዚህ ጋር የሚመሳሰል ነገር በአዲስ አበባም ነበር። አራት ኪሎ አካባቢ ጋዜጣ የሚያከራዩ ልጆች ነበሩ። ሙሉ ዋጋውን የማይችለው አንባቢ ጥቂት ሳንቲም ከፍሎ፣ እዚያው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ አንብቦ ይመልሳል። ጋዜጣውን ሌላው ይቀበለዋል። አሳታሚው ያን ሁሉ አንባቢ በሽያጩ ቁጥር ውስጥ አያገኘውም፤ አንባቢው ግን አለ። ስለዚህ ስንት ቅጂ ወጣ ብለን ብቻ ሳይሆን አንዱ ቅጂ ስንት እጅ ገባ ብለን መጠየቅ ጀመርን።

ሦስተኛው የማቅለሉ ጉዳይ ነው፤ እኛ ዘንድ ትልቁን ለውጥ ያመጣውም ይህ ነው። አንድ ተማሪ አንባቢ እንዲሆን የሚጠየቀው ምንድን ነው ብለን በወረቀት ላይ ጻፍነው። ቀርቦ የነበረው የመመዝገቢያ ቅጽ ስም፣ የአባት ስም፣ ዲፓርትመንት፣ ዓመት፣ ዶርም፣ ስልክ ቁጥርና የመጣበትን ከተማ ይጠይቃል። አንዲት እህታችን ተመልክታው ሳቀችና «ይህ ለመታወቂያ ነው ወይስ ለመጽሔት?» አለች። ከዚያ ከሳቁ በኋላ ያለችው ግን የሚያስቅ አይደለም። ብዙ እህቶች ስልክ ቁጥራቸውን ማን እጅ እንደሚገባ በማያውቁት ወረቀት ላይ አይጽፉም፤ ልክም ናቸው። ቅጹ ስልክ ቁጥር ከጠየቀ እነርሱን ቀድሞ ዘግቷል ማለት ነው። አዲስ ተማሪም እንዲሁ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ስሙን ዝርዝር ላይ መጻፍ ያስፈራዋል፤ ለምን እንደሆነ ልንጠይቀው አይገባም።

ስለዚህ ቅጹ ቀረ። አሁን በየሕንፃው አንድ አድራሽ አለ፤ በሴቶቹ ሕንፃ እህት፣ በወንዶቹ ወንድም። መጽሔቷን የሚፈልግ ለአድራሹ ወይም ለአድራሿ «እኔም» ይላል፤ በቃ። ስም አይጻፍም፣ ቁጥር አይሰጥም። አድራሹ የሚነግረን «በዚህ ሕንፃ ይህን ያህል ቅጂ» ብቻ ነው። የማይፈልግ ደግሞ «ይቅርብኝ» ይበል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም። መግባት የቀለለ ከሆነ መውጣትም መቅለል አለበት፤ ይህን የምናደርገው የሰውን ፈቃድ ስለምናከብር ነው። ከሌላ ጉዳይ የተሰበሰበ የስልክ ዝርዝር፣ ለኢፍጣር ወይም ለሽኝት የተጻፈ ቢሆን እንኳ፣ ለመጽሔት ብለን አንነካውም። ለአንድ ነገር የተሰጠ ቁጥር አማና ነው።

ቴሌግራም ላይስ? አለን፤ አንተውም። ገጾቹን በቀላል መጠን እንለጥፋለን፣ ብዙ ዳታ እንዳይበላ። በእርሱ ላይ ብቻ አለመደገፍን ግን ክልላችን ራሱ አስተምሮናል። ከ2015 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ ጀምሮ ለብዙ ወራት የሞባይል ኢንተርኔት ሲቋረጥ፣ ሺህ ተከታይ ያለውም አሥር ያለውም እኩል ዝም አለ። ያን ጊዜ የሠራው ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ወረቀት ነው። ሰው ያለው አንባቢ ኔትወርክ ቢጠፋም ይደርሰዋል።

ስጦታውንስ ምን አደረግነው? የደረስንበት ይህ ነው።

የመጀመሪያው ስጦታ ለአዲስ ተማሪ የሚሰጥ ሲሆን ምንም አይጠየቅበትም። በመጀመሪያው ሳምንት ከመጽሔቷ ጋር አንዲት ነጠላ ወረቀት ይደርሰዋል። የሶላት ሰዓት፣ በየካምፓሱ አቅራቢያ ያሉ መስጂዶች፣ የቤተ መጻሕፍት ሰዓት፣ ከአንዱ ካምፓስ ወደ ሌላው እንዴት እንደሚኬድ፣ ቢታመም ማንን እንደሚያገኝ ተጽፎበታል። መጽሔቷን ዳግም ባያነባት እንኳ ወረቀቷ ትጠቅመዋለች። ያን ቀን ያየው ደግነት ካመጣው እሰየው፤ ካላመጣውም ስጦታው ስጦታ ነው፣ ወጥመድ አይደለም።

ሁለተኛው ለንባብ የሚሰጥ ሽልማት ነው። በየቁጥሩ መጨረሻ ከዚያው ቁጥር ጽሑፎች የሚወጡ ሦስት ጥያቄዎች ይኖራሉ። በትክክል የመለሰ፣ ብዙዎች ከመለሱም ከእነርሱ መካከል በዕጣ የወጣለት፣ አንድ ኪታብ ያገኛል። መልስ ለመስጠት ምንም አይከፈልም፣ ሰው ማስመዝገብም አያስፈልግም። ኪታቡን የሚሰጡት ከተማው ውስጥ ያሉ፣ ስማቸው እንዲጠቀስ ያልፈለጉ ሰዎች ናቸው፤ አላህ ይቀበላቸው። ከመዋጮው አንድ ሳንቲም አይወጣበትም። የፓወር ባንኩን ሐሳብ ያቀረበው ወንድማችን አሁን ጥያቄዎቹን የሚያዘጋጀው እርሱ ነው፤ «ሳያነቡ የሚመለስ ጥያቄ አላወጣም» ይላል። እንደ ቃሉም ነው፤ አንዳንዶቹ ለእኛም ለራሳችን ይከብዳሉ።

ሦስተኛው ወቅፍ ነው። ያለፉት ቁጥሮች በየሕንፃው በአንድ ካርቶን ይቀመጣሉ። ከላዩ «አንብበህ መልስ፣ አንብበሽ መልሺ» ተብሎ ተጽፎበታል። ተመራቂ ወንድሞችና እህቶች ሻንጣ ውስጥ የማይገባላቸውን መጽሐፍ እዚያ እንዲተዉ እንጠይቃለን። ለእናንተ በሰኔ ሸክም የሚሆን፣ ለአንድ አዲስ ተማሪ በመስከረም ሀብት ነው።

ይህ ሁሉ በአንድ ወር አንባቢያችንን እጥፍ ያደርጋል ብለን አንዋሻችሁም። ፓወር ባንኩ ምናልባት ያደርገው ነበር። ከዕጣው ማግስት ግን መጽሔቷን ከተኛበት ኮሜዲኖ ላይ የሚያነሣት ስንቱ ይሆን? ተከታይ ማብዛትና አንባቢ ማፍራት አንድ አይደሉም። ተከታይ ይቆጠራል። አንባቢ ግን ይከራከራል፣ ያርማል፣ «በባለፈው ቁጥር ያላችሁት ልክ አልነበረም» ብሎ በር ላይ ያስቆማል። እኛ የምንፈልገው ያን የሚያስቆመንን ነው።

ሌላም ነገር አለ። ቁጥር ልብን ያሳብጣል። ኒያን ያበላሻል። ለአላህ ብለን የጀመርነውን ሥራ «ስንት ሰው አየን?» በሚል ጥያቄ ብቻ መመዘን ከጀመርን፣ ሰው የሚወደውን እንጂ የሚጠቅመውን አንጽፍም። ስለ ሶላት የጻፍነው ስለ ፈተና ማለፊያ ብልሃት ከጻፍነው ያነሰ ቢነበብ፣ ስለ ሶላት መጻፋችንን አናቁም። ይልቅ አሻሽለን እንጻፈው፤ ጥፋቱ ሁልጊዜ የአንባቢው አይደለም።

ከዚህ ከተማ ብዙም ሳይርቅ፣ ሰከላ ውስጥ፣ ይህ ክፍለ ከተማ በስሙ የሚጠራበት ግሽ ዓባይ አለ። ምንጩን ያየ ሰው ትንሽነቱ ያስገርመዋል። ከዚያ ተነሥቶ ግልገል ዐባይ ሆኖ ጣና ይገባል። ትልቅ ያደረጉት በመንገድ የተቀላቀሉት ወንዞች ናቸው፤ ምንጩ ግን በጋም ክረምትም አይቋረጥም። እኛም ከራሳችን የምንጠይቀው ያን ያህል ነው። በየወሩ መውጣት፣ እውነት መጻፍ፣ በሩን ክፍት መተው። የሚቀላቀለውን የሚያመጣው አላህ (ሱ.ወ) ነው።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ከእናንተ የምንፈልገው ቀላል ነው። ይህን ቁጥር አንብባችሁ ስትጨርሱ ጎን ላለው አልጋ ስጡ። ዘንዘልማ ጓደኛ ያለው አንድ ቅጂ ይዞ ይሻገር። ለሕንፃችሁ አድራሽ ከሌለ አንድ ሰው ይነሣ። ያልተስማማችሁበትን ጻፉልን፤ የተስማማችሁበትንም በዱዓችሁ አስቡን።

አላህ ሥራችንን ለእርሱ ብቻ የጠራ ያድርግልን፤ ጥቂቱንም በበረካ ያብዛልን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።